የእናት ጓዳ ለመንገደኛ ሲከፈት

በመንዝ ደጋና በዋሽንግተን ዳርቻ ቤተሰብ ስለሚያስተዳድራቸው ምግብ ቤቶች

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው አውራ ጎዳና ከጣርማ በር አፋፍ ላይ ሲደርስ ወደ ሰሜን የሚገነጠል ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም መዘዞን አልፎ፣ ሞላሌን ተሻግሮ፣ ግራና ቀኙን የገብስ ማሳና የድንጋይ ካብ ይዞ፣ በጋው ከክረምቱ በብርድ በማይለይበት አምባ ላይ እየተጠማዘዘ እስከ መሐል ሜዳ ይዘልቃል። በዚህ መንገድም ሆነ ወደ ቀየት፣ ወደ ግሼ ራቤልና ወደ መርሐቤቴ በሚያደርሱት መንገዶች ላይ፣ አውቶቡስ ቆሞ ሰው በሚያራግፍበት ሥፍራ ሁሉ፣ ተጓዡ ገና ከመኪናው ሳይወርድ የሚቀበለው የቁሌት መዓዛ አለ። መዓዛው የሚወጣውም ሥራ አስኪያጅና ወጥ ሠሪ በደመወዝ ከቀጠረ ድርጅት አይደለም፤ እናት ከምድጃው፣ አባት ከበግ ገበያው፣ ልጆች ከሳህን ማመላለሱ፣ አያት ደግሞ በደጃፍ ተቀምጠው ገቢ ወጪውን ከመመረቁ ተከፋፍለው ከሚኖሩበት ከአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነው።

እንዲህ ያለውን ቤት ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናል። በልተንበታል፣ ሒሳባችንን ከፍለን ወጥተናል፣ «እጃቸው ይጣፍጣል» ብለንም ለሌላ መንገደኛ ጠቁመናል። ነገር ግን ቤቱ በምን ጥበብና በማን ድካም ቆሞ እንደሚኖር፣ ከእመቤቲቱም በኋላ ምን ዕጣ እንደሚገጥመው ጠይቆ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

### ሌሊት የሚጀምር ቀን

የእመቤቲቱ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ገና ሳይሰማ ነው። ደጋው እንጨት የሚበዛበት አገር ስላልሆነ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው፤ ኩበትም ቶሎ አይያዝም፣ ከተያዘ በኋላ ግን ፍሙ ይረጋል፣ ለምጣድም የሚስማማው የረጋ እሳት ነው። ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል፤ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ያለው ሊጥ ከዳር ወደ መካከል እየዞረ ይፈስሳል፤ ዓይኑ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር አክንባሎው ይገጠማል፤ እመቤቲቱም ሰዓት ሳያዩ፣ ከክዳኑ ዙሪያ በሚወጣው እንፋሎት ብቻ መብሰሉን ዐውቀው ከፍተው በሰፌድ ያወጡታል።

በእነዚህ ከፍታዎች ላይ ውርጭ ጤፍን አያስበቅልም፤ ነጩ ጤፍ የሚመጣው ዝቅ ካለው ከሞረትና ጅሩ ሜዳና ከመርሐቤቴ ቆላማ ወገን ነው። የአገሩ እህል ገብስ ነው። የገብስ እንጀራ በዕለቱ ሲበላ ለስላሳ፣ ካደረ ግን የሚደርቅና የሚሰባበር ስለሆነ በየማለዳው መጋገር ግድ ይሆናል፤ ስለዚህም አንዳንዷ ባለሙያ ገብሱን ከጤፍ ጋር ትቀላቅለዋለች። ምን ያህል ከምን ያህል እንደሚቀላቀል ቢጠየቁ ሁሉም የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «እጄ ያውቀዋል።»

> «ምን ያህል ከምን ያህል?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «እጄ ያውቀዋል።»

ሽሮው ደግሞ የባቄላና የአተር ነው። ቀይ ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፤ ውኃው መጥጦ ሽታው ሲለወጥ ዘይት፣ ቀጥሎም በርበሬ ይገባል፤ በርበሬው እንዳያርና መራራ እንዳይሆን ውኃ ጠብ እየተደረገለት ቀስ ብሎ ይበስላል። ከዚያ ውኃው ተጨምሮ ሲፈላ፣ እመቤቲቱ በግራ እጃቸው የሽሮውን ዱቄት እየነሰነሱ፣ ጓል እንዳያበጅ በቀኛቸው ያማስሉታል፤ ድስቱም ትክ ትክ ማለት ሲጀምር እሳቱን ቀንሰው ይተዉታል። ነጭ ሽንኩርትና መከለሻ የሚገባው በመጨረሻ፣ ድስቱ ሊወጣ ሲል ነው።

ይህ የሽሮ ሥርዓት ከጣዕም በላይ የሆነ ምክንያት አለው። ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ግድም ከፍ ባለ አገር ውኃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት፣ ወደ ዘጠና ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በመሆኑ፣ ያልተከካ አተርና ባቄላ ለመብሰል ብዙ ሰዓትና ብዙ ማገዶ ይፈጃል፤ እህሉን አስቀድሞ ቆልቶ፣ ከክቶና ፈጭቶ ያስቀመጠ ቤት ግን አውቶቡሱ ጡሩምባውን እስኪነፋ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ትኩስ ወጥ ለማቅረብ ይችላል። ይህን ያስተማራቸው የሳይንስ መምህር አልነበረም፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ዕውቀት ነው።

ወደ ተመጋቢው ክፍል እንለፍ። ሌሊት መኝታ የነበረው መደብ አጎዛ ተነጥፎበት መቀመጫ ሆኗል፤ በግድግዳው ላይ የመድኃኔ ዓለም ሥዕልና የበዓላትና የአጽዋማት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅለዋል፤ በአንድ ጥግ የቤቱ ትንሽ ልጅ የቤት ሥራዋን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ሰው በገባ ቁጥር እየተነሣች የእጅ ውኃ ታስታጥባለች። ከማዕዘኑ ጠረጴዛ ዘወትር የማይጠፉት በወር ሒሳብ የሚመገቡት መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ ዕዳቸው በአንድ ደብተር ይጻፋል፣ ደመወዝ ሲወጣም ይሰረዛል። ከምግብ በኋላ ከጓሳ ወገን ከሚመጣው ጦስኝ የተፈላ ሻይ ይቀርባል፤ የውርጩ ብርድ ከሰውነት የሚወጣውም ያን ጊዜ ነው።

የወጡን ዓይነት የሚወስነውም ያ በግድግዳው ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ሃምሳ አምስቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ፍልሰታና ጾመ ነቢያት ሲደመሩ ከዓመቱ እኩሌታ ያህሉ ጾም ስለሆነ፣ ቤቱ ከበግ ቅቅልና ከጥብስ ይልቅ የሚመሰገነው በስልጆው፣ በእልበቱ፣ በአዚፋውና በምስር ወጡ ነው። ለጾም የሚሆን ሰሐንና ድስት ተለይቶ ይቀመጣል። አንድ የአካባቢው ካህን በመንገድ ሲያልፉ ከዚህ ቤት በቀር የማይመገቡበትን ምክንያት ሲናገሩ፣ «የፍስክ ማማሰያ በጾም ድስት እንደማይገባ እናቲቱን ስለማምናቸው ነው» ይላሉ።

### የእግዚአብሔር እንግዳ

በዚህ አገር ምግብን በገንዘብ መሸጥ ጥንታዊ ነገር አይደለም። በአብርሃም ድንኳን ሥር ሦስቱ እንግዶች እንዴት እንደተስተናገዱ ከልጅነቱ እየሰማ ያደገ ሕዝብ፣ መሽቶበት ደጅ የቆመን መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል ሰምቶ እግሩን አጥቦ፣ ካለው አቅምሶ፣ ከእሳቱ ዳር አስተኝቶ ያሳድረዋል እንጂ የእንጀራ ዋጋ አይጠይቀውም ነበር። በተዝካርና በዝክር፣ በማኅበርና በጽዋ፣ በመኳንንቱም ግብር ላይ ማዕድ የሚዘረጋው ስለ ነፍስና ስለ ክብር ነበር፤ እህልን አብስሎ ለአላፊ አግዳሚ መሸጥ ግን የቤትን ስም የሚያጎድፍ ነውር ሆኖ ይታይ ነበር። ጠላና አረቄ መሸጥ ቀደም ብሎ ቢጀመርም፣ እርሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ባል ለሞተባት ወይም መሬት ለሌላት ሴት የቀረ የችግር መተዳደሪያ ነበር።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ባስከፈቱ ጊዜ የገጠማቸው ችግር ይኸው ነበር። እንደሚተረከው፣ ሰው በገንዘቡ ገብቶ መብላትን እንደ ውርደት ቆጥሮ በመቅረቱ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተው ሒሳባቸውን ከፈሉ፤ ከዚያ በኋላ ነውሩ ቀስ በቀስ ተገፈፈ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ የንጉሠ ነገሥቱ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ አዲሱን ሥራ ያቋቋሙት፣ የማድ ቤቱንም ሥርዓት የሚያውቁት፣ ሴቲቱ መሆናቸው ነው። ገንዘብ ከፍሎ የመብላት ልማድ ወደ ከተማችን የገባው በአንዲት እመቤት ቤት በኩል ነው።

ወደ ደጋው የደረሰው ግን በመንገድ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን የጣርማ በር ዋሻ ተፈልፍሎ የደሴ አውራ ጎዳና ሲከፈት፣ ከነጻነትም በኋላ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ሲበዛ፣ ዘመድ በሌለበት ቦታ የሚያድርና የሚቸኩል መንገደኛ በረከተ። የእግዚአብሔር እንግዳ በዓመት ጥቂት ጊዜ ሲመጣ ማስተናገድ ጽድቅ ነው፤ በቀን አርባና አምሳ ሆኖ ሲመጣ ግን ጎተራን ያራቁታል። ስለዚህ ማዕዱ ዋጋ ተቆረጠለት።

ዋጋ ቢቆረጥለትም ግን እንግድነቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ያቆየውም ቤተሰብነቱ ነው። ወጡ ያለቀበት እንግዳ ሳይጠይቅ ይጨመርለታል፤ ታሞ የመጣ መንገደኛ ጓዳ ገብቶ ይተኛል፤ ገንዘብ ያጠረው ተማሪ «ስትመለስ ትሰጠኛለህ» ተብሎ ይሸኛል። በዚህ መንገድ ለብዙ ዘመን የተመላለሰ አንድ ሾፌር ስለ ሁለት ቤቶች ልዩነት ሲጠየቅ፣ «እዚያኛው ቤት በልቼ እወጣለሁ፤ እዚህኛው ቤት ግን አርፍጄ ከመጣሁ ‘ምን ሆኖ ነው?’ ብለው ይጨነቃሉ» ሲል መልሷል።

### በርበሬው ከየት መጣ?

በደጋው ቤት ማዕድ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ወደ ትውልድ አገሩ ብንሸኘው፣ ገብሱና ባቄላው በመካከለኛው ምሥራቅ ሲቀሩ፣ በርበሬው ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ ሜክሲኮ ይደርሳል። ያለ እርሱ የኢትዮጵያን ወጥ ማሰብ የሚያስቸግረው ቀይ በርበሬ መጀመሪያ የለማው በዚያ አገር ነው፤ ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ በእስፓኞችና በፖርቱጋሎች መርከብ ዓለምን ዞሮ፣ በባሕር ንግድ በኩል ወደ እኛ ገባ። ከዚያ በፊት አያቶቻችን ወጣቸውን የሚያቃጥሉት በቁንዶ በርበሬ፣ በጥምዝና በዝንጅብል ነበር። በቆሎም ከዚያው ከሜክሲኮ የተነሣ ነው።

ዛሬ የመንዟ እመቤት ዛላውን በርበሬ እንደ ማረቆና ሃላባ ካሉ ሞቃት አገሮች ከመጣው ገዝተው፣ ቀንጥሰው፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ደልዘው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ከኮረሪማ፣ ከነጭና ከጥቁር አዝሙድ፣ ከበሶብላ ጋር አምሰው ያስፈጩታል። በሜክሲኮም አንዲት እናት የተለያየ ዓይነት በርበሬ አድርቃ፣ ቆልታ፣ ከብዙ ቅመም ጋር ፈጭታ «ሞሌ» የሚባለውን ወፍራም ወጥ ትሠራለች፤ ኮማል በሚሉት ምጣድም ቶርቲያ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ ትጋግራለች፤ ተመጋቢውም እንደ እኛው ቂጣውን በእጁ ቆርሶ ወጡን ያነሣበታል።

ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የበቆሎው ጥበብ ነው። የሜክሲኮ ሴቶች በቆሎውን ከመፍጨታቸው በፊት በኖራ ውኃ ቀቅለው ያሳድሩታል። ይህ ሥራ ልጣጩን ከማላቀቁም በላይ፣ በእህሉ ውስጥ ተቆልፎ የሚኖረውንና ሰውነት ሊያገኘው የማይችለውን ኒያሲን የተባለ ቪታሚን ይፈታዋል። በቆሎው ወደ ሌላው ዓለም ሲሻገር ግን ዘሩ ብቻ ሄደ፤ የሴቶቹ ዕውቀት ወደ ኋላ ቀረ። በሰሜን ኢጣሊያና በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል ከበቆሎ በቀር እምብዛም የማይመገቡ ድሆች ፔላግራ በተባለ፣ ቆዳን በሚያቆስልና አእምሮን በሚያናውጥ ደዌ ብዙ ዘመን አለቁ፤ ሐኪሞችም ምክንያቱን ፈልገው ለማግኘት ብዙ ደከሙ። መድኃኒቱ ግን የሜክሲኮ እናቶች በየማታው በሚጥዱት ማሰሮ ውስጥ ነበር።

> ዘሩ ባሕር ተሻገረ፤ የሴቶቹ ዕውቀት ወደ ኋላ ቀረ፤ ሕዝብም ታመመ።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በሸዋ መረሬ አፈር ላይ የሚበቅለው ጓያ፣ በችግር ጊዜ ለብቻው ለብዙ ቀን ከተበላ እግርን እንደሚያሽመደምድ የታወቀ ነው። ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎ፣ ውኃውን ማፍሰስ፣ ከሌላም እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ጉዳቱን እንደሚቀንስ ከተመራማሪዎች አስቀድመው የሚያውቁ እናቶች ነበሩ። «የሴት ሥራ ነው» ተብሎ ወደ ጓዳ የተጣለ ዕውቀት የሰውን እግር የሚያተርፍ ዕውቀት ነው።

ስለ ሜክሲኮ ካነሣን፣ የአዲስ አበባ ሰው በየቀኑ የሚረግጠውን አደባባይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ በዚህ ስም የተጠራው፣ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ብዙ መንግሥታት ወረራውን ሲቀበሉ ሜክሲኮ አልቀበልም ብላ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ተከራከረችልን ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. ያችን አገር ጎብኝተዋል፤ በሜክሲኮ ከተማም እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ።

### ከባሕር ማዶ ያለው ጓዳ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በስደት ወደ አሜሪካ የገባው ኢትዮጵያዊ ብዙ ሆኖ የሠፈረው በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ ጎዳና ላይ «ማማ ደስታ» የተባለው ምግብ ቤት ተከፈተ፤ ስሙም የወጥ ቤቷ እመቤት የወይዘሮ ደስታ ባይሩ ስም ነበር። ከዚያ በኋላ በአዳምስ ሞርጋን፣ ቆይቶም በዩ ስትሪት ሠፈር ምግብ ቤቶች ተደረደሩ፤ የመሐል ከተማው ኪራይ እየናረ ሲሄድ ደግሞ ቤተሰቦቹ ወደ ዳርቻው፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አሌክሳንድሪያና ወደ ፎልስ ቸርች ወጡ። በዚያ ዳርቻ የሐበሻው ቤት ከሜክሲኮና ከኤል ሳልቫዶር ቤተሰቦች ምግብ ቤት ጎን ለጎን፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ዙሪያ ቆሞ ይገኛል፤ ቅዳሜ ማታ በሁለቱም ቤት ሦስት ትውልድ በአንድ ገበታ ዙሪያ ይሰበሰባል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የብርቱ ትግል ዓመታት ነበሩ። ጤፍ ስለማይገኝ እንጀራው ከስንዴ ዱቄትና ከተገኘው እህል ሁሉ ይጋገር ነበር፤ ምጣድ ስላልነበረም፣ የኖርዌይ ስደተኞች ዘሮች ባህላዊ ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያገኘች አንዲት ሴት ለሌላዋ እየነገረች፣ ዕቃው በሐበሻ ቤት ሁሉ ገባ። በኋላ ጤፍ በአይዳሆ ምድር መብቀል ጀመረ፤ ዛሬም ከአዲስ አበባ የተጋገረ እንጀራ በአውሮፕላን ተጭኖ ዋሽንግተን ይገባል። እንዲህም ሆኖ፣ የዳርቻው ባለቤቶች «ከአገር ቤት መምጣት ያለበት» ብለው አጥብቀው የሚጠብቁት ከእናት እጅ የሚላከውን በርበሬና ሽሮ ነው። ከመንዝ የወጣ አንድ ስደተኛ እንዳለው፣ «እንጀራውን እዚህ እንገዛዋለን፤ የእናታችንን በርበሬ ግን የሚሸጥ የለም»።

የጎረቤቶቻቸው የሜክሲኮዎች ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በሂዩስተን ከተማ፣ ኒንፋ ሎሬንሶ የተባሉ የሜክሲኮ ዘር ያላቸው እናት፣ ባላቸው ሞተው አምስት ልጆች ይዘው በቀሩ ጊዜ፣ በቤተሰቡ የቶርቲያ ፋብሪካ ፊት ለፊት ባለው ክፍል በ1973 እ.ኤ.አ. ዐሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ምግብ ቤት ከፈቱ። ልጆቹ አብረው ሠሩ፤ ሕዝቡም «ማማ ኒንፋ» እያለ ጎረፈ፤ ቤቱ በርክቶ ስሙ በመላው ቴክሳስ ተሰማ። በመጨረሻ ግን ንግዱ በዕዳ ተይዞ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ፤ እርሳቸው በ2001 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ስማቸው ያለበት ሰሌዳ የሌሎች ሰዎች ንብረት ሆኖ ነበር። የእናት ስም በሰሌዳ ላይ መጻፉ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

### በደብተር ያልተጻፈው

አሁን ወደ ደጋው ቤት ልመለስና፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝን ነገር በግልጽ ልናገር። በዚያ የዱቤ ደብተር ላይ የመምህሩ ዕዳ፣ የሽንኩርቱ ዋጋ፣ የበጉ ሒሳብ ሁሉ ይጻፋል። የማይጻፈው የእመቤቲቱና የሴት ልጆቻቸው ድካም ነው። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት የሚቆም ሰው ደመወዙ ስንት ነው? ዘመኑን ሁሉ በኩበት ጭስ ዓይኑ የሚለበለብ ሰው ካሣው ምንድን ነው? «የቤቱ ሰው ስለሆነች» ይባላል፤ ቤቱ ግን ንግድ ከሆነ ሰንብቷል።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ የልጂቱ ጉዳይ ነው። ወንድሟ ከትምህርት መልስ ወደ ኳስ ሜዳ ሲሄድ እርሷ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ የቤት ሥራዋን በሁለት ተመጋቢ መካከል ትሠራለች። እነዚያው በወር ሒሳብ የሚመገቡት መምህራን ይህን ያያሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ጠዋት ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ አልቆጣትም፤ የበላሁትን እንጀራ ማን እንደጋገረው ዐውቃለሁና» ማለቱ ልቤን ነክቶታል። ልጂቱ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ከዚህ ሥራ ለማምለጥ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዓረብ አገር ብትሄድ ማን ይፈርድባታል? እርሷ ስትሄድ ግን የእናቷ እጅ የሚያውቀው ሁሉ አብሮ ይቋረጣል። እኔ የማየው ችግር ይህ ነው፦ ዕውቀቱን መውረስ የሚገባት ልጅ፣ ዕውቀቱ ለእናቷ ያተረፈላትን አይታ ትሸሸዋለች።

> ዕውቀቱን መውረስ የሚገባት ልጅ፣ ዕውቀቱ ለእናቷ ያተረፈላትን አይታ ትሸሸዋለች።

የተለየ ሐሳብ ያላቸውም አሉ። አንዳንድ አባቶች፣ ቤተሰብ መካከል ደመወዝና ሒሳብ ከገባ ፍቅር ይጠፋል፣ ማዕዱም በረከቱን ያጣል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸውን አልንቀውም፤ የዚህ ዓይነቱ ቤት ውበት ያለውም ሁሉም እንደ አንድ አካል በመሥራቱ ነውና። ይሁን እንጂ አባት በግ ሲሸጥና ሲገዛ ገንዘቡ በእጁ ነው፤ በዚህ ምክንያት ፍቅር ሲጠፋ አላየንም። ለአባት ያልጎዳ ሒሳብ ለእናትና ለልጅ ለምን ይጎዳል?

ሕጉም ከእመቤቲቱ ጋር ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የባልና የሚስት የጋራ እንደሆነ ይቆጥራል፤ የንግድ ፈቃዱ በባል ስም ብቻ ቢወጣም ግማሹ የእርሳቸው ነው ማለት ነው። ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው፤ ባል ሲሞት ወይም ትዳር ሲፈርስ በገዛ ምድጃቸው ላይ እንደ ጥገኛ የሚቆሙትም ባለማወቃቸው ነው። ለዓመታት ጓዳ ውስጥ ለሠራችው ልጅ ግን ሕጉ እንዲህ ያለ ድርሻ አይቆርጥላትም፤ ድርሻዋን ሊቆርጡላት የሚችሉት ወላጆቿ ብቻ ናቸው።

ከሀብቱ ሌላ ዕውቀቱም መዝገብ ያሻዋል። የሜክሲኮ ባህላዊ ምግብ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ፣ በማመልከቻው ፊት የቆሙት የሚቾአካን ግዛት የገጠር ወጥ ሠሪ ሴቶች ነበሩ። በቆሎውን በኖራ ውኃ የሚቀቅሉት እነዚያው እናቶች ጥበባቸው ተመዝግቦ፣ እነርሱም መምህራን ተብለው ይጠራሉ። የእኛ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች የመንዙን ጥብቅ ሥፍራ ጓሳን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን እንደሚያስተዋውቁ ሁሉ፣ በዚያው መንገድ ዳር ያሉትን የስልጆና የእልበት ባለሙያዎች በስም መዝግበው፣ የሚሠሩበትንም ሥርዓት በጽሑፍና በፊልም ቢይዙ ወጪው ትንሽ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ነገሩ የልጆች ነው። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆናችሁ በመሐል ሜዳ፣ በአዲስ አበባም ሆናችሁ በደብረ ብርሃን፣ ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣችሁ ልጆች፦ በሚመጣው በዓል ወደ ቤት ስትገቡ ሚዛንና መስፈሪያ ይዛችሁ ከእናታችሁ ጎን ቁሙ፤ በርበሬው ሲደለዝ፣ ገብሱና ጤፉ ሲቀላቀል፣ ሽሮው ሲታመስ «እጄ ያውቀዋል» ያሉትን ሁሉ እየለካችሁ ጻፉት። ጓዳ የቀረችው እኅታችሁ ከገቢው ድርሻዋ በደብተሩ ይያዝላት፤ የማጥኛ ሰዓቷም ይከበርላት። የንግድ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳልና፣ በሚቀጥለው እድሳት የእናታችሁ ስም በባለቤትነት ይጻፍ።